ጀርባዋን ለጌሙ የሰጠች ዳኛ

እትዬ ባትሪ ይሄን ሁሉ ዘመን ጌም ቤት ይዛ ስትኖር አንድም ጌም አይታ አታውቅም። ይሄን ሳወራ ሰው ይስቅብኛል። እኔ ግን ጎረቤቷ ነኝ፤ ቁልፍ እቀርጻለሁ፣ በሯና በሬ ተነካክተው ነው የሚከፈቱት፣ ስለዚህ የማወራውን አውቃለሁ። ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ይቀምሳል፣ ልብስ ሰፊም ሱሪ ይለብሳል። እሷ ግን ቴሌቪዥኖቹን ሁሉ ወደ ደንበኛው አዙራ፣ ራሷ ከጀርባቸው በርጩማ ስባ ትቀመጥና ቀኑን ሙሉ የምታየው የኛን ፊት ነው።

ነገሩ ከድሮ ሥራዋ የመጣ ነው። ሲኒማ ቤት ነበረች። ፊልም ተጀምሮ መብራት ከጠፋ በኋላ ለሚመጣ ሰው በእጅ ባትሪ እያበራች ወንበሩን ታሳየዋለች። ስሟም እዛው ወጣላት፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ታዲያ የዚህ ሥራ ሰው ፊልም አያይም። ተመልካቹ ወደ ፊት ሲያይ እሷ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው።

"አንድ አዳራሽ ሙሉ ፊት አስበው" ትለኛለች። "አንዴ ሰማያዊ ይሆናል፣ አንዴ ቢጫ። አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይጨልማል። ውኃ ላይ ጨረቃ የወጣች ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ መሃሉ ላይ እየተራመድኩ ነው።"

ፊልሙ ጥሩ ይሁን አይሁን ከሰው ፊት ታውቃለች። ሰው ሲሰለቸው አፍንጫውን ይነካል ትላለች። እውነቷን ነው፤ ከነገረችኝ ጀምሮ እኔም አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ምናልባት ስምንተኛ ላይ ይሆናል የሚያስተምሩት።

ሲኒማ ቤቱ ሲዘጋ ዕቃው ለሠራተኞቹ ተከፋፈለ። ለአንዱ መጋረጃ ደረሰው፣ ለአንዱ ደወል፣ ለእሷ ወንበር። ቀይ፣ ተጣጣፊ፣ መደዳውን በብረት የተበየደ ወንበር ነው። አንዱን ላንሳ ስትል ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው ይነሳሉ። እቤት ሲገባ ሶፋ አልሆነ፣ አልጋ አልሆነ። "ወንበር ካለ የሚታይ ነገር ያስፈልጋል" አለችና ጌም ቤት ከፈተች። ሌላው ሰው ጌም ገዝቶ ወንበር ይፈልጋል፤ እሷ በመቀመጫ ጀመረች።

ቤቱ እንደ ኮሪደር ረዥም ነው። በአንዱ ግድግዳ በኩል አራት ቴሌቪዥን ከነማጫወቻው ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ ፊት ለሚጫወተው አንድ በርጩማ፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ለተራ ጠባቂ አንድ መደዳ ቀይ ወንበር። ቴሌቪዥኖቹ ከግድግዳው ራቅ ብለው ስለቆሙ በመሃል ለእትዬ ባትሪ ቀጭን መንገድ አላት። ከራሷ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በጠመኔ ተጽፏል፦ "የዓለም ታላላቅ ጌሞች።" ዓለም ማለት በእሷ በር የገባው ነው። ከላይ እስከ ታች ደረጃ አላቸው፤ ሲያሰኛት በመዳፏ ጠርጋ አንዱን ታወጣለች፣ ሌላውን ታወርዳለች።

መለኪያዋን ሌላ ቦታ አታገኙትም። ሰው ስለ ጌም ሲከራከር ስዕሉ እንዲህ ነው፣ ድምፁ እንዲህ ነው፣ ታሪኩ እንዲህ ነው ይላል። እሷ "የጥርስ ጌም" ትላለች፤ ተጫዋቹ ጥርሱን የሚነክስበት። "የምላስ ጌም" ትላለች፤ ሳያውቀው ምላሱ የሚወጣበት። "የቅንድብ ጌም" አለ። ሽጉጥ ያለበት ሁሉ የጥርስ ነው፣ ከታች ነው ቦታው። እንቆቅልሹ የቅንድብ ነው፣ መሃል ላይ ይቀመጣል። ከሁሉ በላይ የምታስቀምጠው ባለቤቱን የረሳ ፊት ያየችበትን ነው። እሱ ደግሞ እንዴት ያለ ፊት ነው ስንላት፣ "ከፍተውት የወጡት ቤት ይመስላል" አለችን። "በሩ ክፍት፣ መብራቱ በርቶ፣ ውስጡ ማንም የለም።"

ደንበኛዋ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሰዓት በኋላ ቤቱን የሚሞላው ሥራ የፈታና ሥራ የሸሸ ትልቅ ሰው ነው። አዲሱ ፕሌይስቴሽን የኳስ ነው፤ እሱ ጋ ዋናው ሰው ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። አሮጌው፣ ካሴቱን እፍ ብለው የሚያስገቡት ግራጫ ማጫወቻ ደግሞ ጡብ ከላይ እየወረደ የሚደረደርበት ነው፤ የሲስተር ነው። ሲስተር ሆስፒታል ነርስ ናት፤ "ጭንቅላቴን ባዶ ሳላደርግ ትራስ ላይ አላስቀምጠውም" ትላለች። ሦስተኛው የቡጢ ነው፣ የኔ። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ የመቱኝን ግን በደንብ አስታውሳለሁ። እዛ ጌም ላይ አንድ በአንድ አገኛቸዋለሁ።

ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

"ኳስን የማያውቅ ሰው የለም፤ የዓለም ታላቁ ጌም እሱ ነው" ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

"ጉንፋንንም የማያውቅ የለም" ትለዋለች ሲስተር፣ ዓይኗን ከጡቧ ሳታነሳ።

"ሦስት ቀለም ያለው ነገር ይዘሽ ነው የምትከራከሪኝ? የኔ ተጫዋች እኮ ሲያልበው ይታያል።"

"እሱ ሲያልበው አየህ፤ ግማሽ ጢሙን የላጨኸው ሰውዬ ግን ሳሙናው ፊቱ ላይ ደርቆ በሩ ላይ ሲቆም አላየህም።"

ይሄ እውነት ነው። ሰውየው መጠበቅ ሲሰለቸው ገብቶ ጆይስቲክ ያዘና በግማሽ ጢሙ ሁለት ለዜሮ አሸነፈው።

"ቁልፉስ?" ይላል ፀጉር አስተካካዩ ነገሩን ወደኔ ሲያዞር። "ያንተ ቡጢ ስንተኛ ነው?"

"አንደኛ ነው።"

"ምላስህን አስገባና ተናገር" ትለኛለች ሲስተር። "እንዲህ አውጥተህ ስትጫወት ጉሮሮህን ላይልህ ነው የሚያምረኝ።"

አራተኛው የመኪናው ነው። የፕላስቲክ መሪና ፔዳል አለው። እሱ የጋሼ ሾፌር ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድተው ነድተው፣ ዓይናቸው ዳር ዳሩን ማየት ተወ። መሃሉን ያያሉ፤ ግራና ቀኙ ላይ መጋረጃ ወረደ። መንጃ ፈቃዳቸውን በገዛ እጃቸው መለሱ። ቴሌቪዥን ደግሞ ዳር የለውም፣ ነገሩ ሁሉ መሃል ላይ ነው። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ ታመጣቸውና በርጩማው ላይ ታስቀምጣቸዋለች፤ ከዛ በኋላ የማንንም ክንድ አይፈልጉም።

ጌሙ የእሽቅድምድም ነው። ሌሎቹ መኪኖች እንደ ጥይት ሲያልፉ ጋሼ ቀይ መብራት ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለእግረኛ ያሳልፋሉ። እግረኛው እኮ ስዕል ነው፤ ግን የሠሩት ሰዎች ሲሻገር አንገቱን እንዲያዞር አድርገውታል፣ ጋሼም አመሰገነኝ ብለው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ውድድሩ ሲያልቅ "ተሸንፈዋል" የሚል ጽሑፍ በትልቁ ይወጣል። ለማንበብ አይቆሙም። ሯጮቹ ከሄዱ በኋላ ከተማው በሙሉ ለእሳቸው ይቀራል። ሁልጊዜ ሊመሽ የተቃረበበት ከተማ ነው፤ ያካፋል፣ አስፋልቱ መብራቱን መልሶ ያበራል፣ በአንድ በኩል ባሕር አለ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱቁ የተሰነጠቀ መስታወት አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ጫፍ ላይ አስሮላቸዋል፤ በሱ ከኋላ የተቀመጠውን ያያሉ። ያለሱ አልነዳም ስላሉት ነው።

ወሬያችን ውስጥ ግን የመኪናውን ስም የሚያነሳ የለም። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚወጣ ሰው የሚጫወተውን ጌም ማን ታላቅ ነው ይላል?

እንዲህ እያለን አከራይዋ መጣ። ልጁ ሊያገባ ነው፤ የቤቱን ጫፍ በግንብ ከፍሎ ለሙሽሮቹ ክፍል ሊያወጣ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጁ ነው፣ ምን ያድርግ። ሜትሩን ይዞ ለካና ወጣ። እትዬ ባትሪ ወንበሮቹን በዓይኗ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆየች። ሦስት መደዳ ይገባል። አራተኛው አይገባም። አንድ ጌም መውጣቱ ነው።

በዚሁ ሳምንት የጋሼ ልጅ ብቻዋን መጣች። እኔ የበሩን ቁልፍ ጉሮሮ ዘይት እየቀባሁ ስለነበር ሰማሁ፤ ልስማ ብዬ አይደለም፣ ጆሮ መዝጊያ ስለሌለው ነው።

"የሚወጣው የመኪናው ነው ይላሉ" አለቻት።

"ማን አለሽ?"

"ሁሉም።"

እትዬ ባትሪ የፕላስቲኩን መሪ በመዳፏ ጠረገች። "ከወጣ ውሰጂው፤ ላንቺ ነው የምሰጠው" አለች።

"እትዬ፣ እሱን ሞክረነዋል። ወንድሜ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሳሎን ገጥሞለት ነበር። መሪውን ያዘ፣ ዞር ብሎ ከኋላው አየ፣ ተወው። 'ባዶ መኪና ጋራዥ ነው የሚገባው፣ መንገድ አይወጣም' አለን። እኔ ብቀመጥለት ደግሞ፣ 'አንቺማ ልጄ ነሽ፣ ተሳፋሪ አይደለሽም' ይለኛል። እዚህ ሰው አለ። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ለሱ ተሳፋሪው ነው። እዚህ በመጣበት ቀን ይበላል፣ ያወራል። ባልመጣበት ቀን መስኮቱ ጋ ተቀምጦ እግሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ፍሬን ይይዛል" አለች። "እንዳትነግሩት ብቻ። የሚወጣ ከሆነም ሳይነገረው ይውጣ።"

እሷ ከሄደች በኋላ ገባሁ።

"አንቺ ዳኛ አይደለሽ፤ አይውጣ በያ፣ ያልቃል" አልኳት።

"ፊት አይቼ ከፈረድኩ እዚህ የሚቀረው የጋሼ ነው" አለች። "ግን ቁልፉ፣ እኔ የጋሼን ፊት የማየው በዳኛ ዓይን ላይሆን ይችላል።"

ይሄን ስትል ጠመኔ አንስታ ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ላይ ታሽ ጀመር። "እናንተ ትፈርዳላችሁ" አለች። "ቅዳሜ ከሰዓት።"

ቅዳሜ መጣን። ቤቱ ውስጥ እንቅልፍ የሚያመጣ ዓይነት ሙቀት ነበር፣ በመጋረጃው ስንጥቅ የገባው ፀሐይ አቧራውን ቀስ እያለ ያዞረዋል። እትዬ ባትሪ የድሮ ሥራዋን ባትሪ በእጇ ይዛ ቆመች።

"እጅ ማውጣት የለም" አለች። "ሰው ጎረቤቱን አይቶ ነው እጁን የሚያወጣው። በልባችሁ ታላቅ ነው የምትሉት ጌም ኋላ ሄዳችሁ ተቀመጡ። መብራት አጥፍቼ በባትሪ አያለሁ። ባዶ የቀረው መደዳ፣ ጌሙም አብሮት ይወጣል።"

ፀጉር አስተካካዩና ጓደኞቹ ኳሱ ኋላ ተሰገሰጉ። ሲስተርና ከሆስፒታሉ የሚመጡት ጡቡ ኋላ ሄዱ። እኔ ቡጢው ኋላ ብቻዬን ተዘረጋሁ። የመኪናው መደዳ ባዶ ነው፤ ወንበሮቹ ታጥፈው አፋቸውን የዘጉ ይመስላሉ።

"አጥፊውና ቁጠሪ" አለ አንዱ።

"ጋሼ አልመጡም። ደንበኛ ናቸው፣ ድምፅ አላቸው" አለች።

"ታዲያ አንድ ለአንድ ሊሆኑ ነው" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ቁልፉ፣ በለው እንግዲህ፣ ከሽማግሌ ጋር ልትቧቀስ ነው።"

እኔም ስቄ ነበር። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ያኔ ነው ልጃቸው ይዛቸው የገባችው። እንደ ወትሮው ሰላም አሉን፣ ተቀመጡ፣ መሪውን ያዙ። ቴሌቪዥኑ ላይ ዝናቡ ጀመረ፣ መብራቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ መስታወቱን በጣታቸው አስተካከሉ። አዩ። ከኋላቸው ማንም የለም።

እጃቸውን ከመሪው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ። አልተናደዱም፣ አልጠየቁም። ተርሚናል ላይ ሰው እስኪሞላ የሚጠብቅ ሾፌር አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ ልክ እንደዛ። ሯጮቹ መኪኖች ተነስተው ጠፉ። ጋሼ ይጠብቃሉ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ፣ ውጪ ግን ፀሐይ ነው። ልጃቸው በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ብትቀመጥ እንደማይቆጠርላት ታውቃለች።

ሲስተር ተነሳች። አድራ ነው የመጣችው፣ ዓይኗ ቀልቷል። "ቦታዬን እንዳትይዙብኝ" አለችና ቦርሳዋን ወንበሯ ላይ ትታ ሄዳ ጋሼ ኋላ ተቀመጠች። "እኔ ቅርብ ነው የምወርደው" አለቻቸው።

ጋሼ በመስታወቱ አዩአትና እጃቸውን ወደ መሪው መለሱ። አልተነሱም ግን። ለአንድ ሰው መኪና አይነሳም።

ከኳሱ መደዳ አንዱ ሄደ። ከጡቡ ሌላው። እንቅልፍ ሰውን እንደሚይዘው ነበር፣ አንድ በአንድ። ፀጉር አስተካካዩ ተቁነጠነጠ። "ይሄማ ምርጫ አይደለም፣ እሳቸውን ለማስነሳት ያህል ነው" ብሎ ሽርጡን ፈቶ ወንበሩ ላይ ጣለና ሄደ። መደዳው ሞላ። የቀሩት የወንበሩን መደገፊያ ይዘው ቆሙ። ጋሼ ፔዳሉን ረገጡ።

ይሄን እንዴት ልንገራችሁ። ቤቱ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ባትሪ መብራቱን ስታጠፋ ደግሞ ግድግዳው ጠፋና የቀረው መንገድ ብቻ ሆነ። እኔ ቡጢዬ ኋላ ሆኜ ከሩቅ አያቸዋለሁ፤ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ የቆሙት ሁሉ አብረው ወደ ግራ ዘመም አሉ። ማንም ዘመም በሉ አላላቸውም። በባሕሩ ዳር አለፉ። መጥረጊያው ዝናቡን ወዲህ ወዲያ ይለዋል። ሲስተር ራሷን ፀጉር አስተካካዩ ትከሻ ላይ ጥላ አሸለበች፤ እሱም ትከሻውን እንደ ብርጭቆ ይዞ ተቀምጧል። እኔ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ሆንኩ። እግሬ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ቀይ መብራት ላይ ሲቆሙ ደረስኩና ከኋላ ብረቱን ይዤ ቆምኩ።

እትዬ ባትሪ ያኔ ባትሪዋን አበራች። በመደዳዎቹ መሃል ቀስ ብላ አለፈች፣ ብርሃኗን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ፣ ልክ እንደ ድሮው። የመኪናው መደዳ ሙሉ፣ የቆመ ሁሉ አለ። ኳሱ ጋ ሽርጥ። ጡቡ ጋ ቦርሳ። ቡጢው ጋ ምንም።

"ቡጢው ይወጣል" አለች በሹክሹክታ።

"ኳሱም ጡቡም እኮ ሰው የላቸውም" አልኩ፣ እኔም በሹክሹክታ።

"ዕቃ የተቀመጠበት ወንበር ሰው አለው። ሲኒማ ቤት ሕጉ ይሄ ነበር።"

ኪሴ ሙሉ ቁልፍ ነበር። ካልተቀረጸው እንኳ አንዱን ጣል አድርጌ ብመጣ ቡጢዬ ዛሬም ነበረልኝ። መደዳዬን ባዶ ትቼ የተነሳሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚመርጠው ሰው እኔ ብቻ፣ ጥሎት የሄደውም እኔ ብቻ። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻውን ሳያንቀሳቅስ ዞር ብሎ አየኝና፣ "በዝረራ" አለኝ። በነጋታው ማጫወቻውን ተሸክሜ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። የዛን ቀን ግን ገና መንገድ ላይ ነን።

የጋሼ ልጅ በሩ ጋ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቆማ ነበር፤ ቆየችና መጥታ አጠገቤ ብረቱን ያዘች። እትዬ ባትሪ ወደ በርጩማዋ ተመልሳ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተቀመጠች። ከዛ ሆና ምን እንዳየች አላውቅም። መብራቱ ቀይ ሲሆን ሁላችንም ቀይ ሆነን ነበር መሰለኝ። ጠመኔዋን አንስታ ምንም ሳትጽፍበት እጇ ላይ እንደያዘችው ቀረች።

ጋሼ በመስታወቱ እኔን እየፈለጉ ነበር። መሃል ላይ እስክገባላቸው ድረስ ትንሽ ተጠጋሁ።

"አንተ የቆምከው" አሉኝ። "የት ወራጅ ነህ?"

ከተማው የማንም አይደለም፣ አንድም ፌርማታ ስም የለውም።

"ገና ነኝ ጋሼ" አልኳቸው።

"እሺ፣ ግባ ወደ ውስጥ" አሉ። አረንጓዴ በራ።